ዘይቱ ሙሉ የነበረው ሞተር

ሰውየው ጆሮ ይባላል። እናቱ ያወጣችለት ደህና ስም አለው፤ መታወቂያው ላይ ተጽፎ ተቀምጧል እንጂ የሚጠራበት ሰው የለም። ጆሮዎቹ ትልልቅ ስለሆኑ እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም ትንንሽ ናቸው፤ ከቆቡ ሥር ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ስሙን ያገኘው በሥራው ነው። የታመመ ሞተር ሲመጣለት ረጅም ካቻቢቴ ያነሳና ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ደግኖ ዓይኑን ይጨፍናል። ጋራዡ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዝም ይላል። ትንሽ ቆይቶ ዓይኑን ይገልጥና «ሦስተኛዋ ቢየላ ናት» ይላል፤ ፒስተን የሚይዘውን የብረት ክንድ ማለቱ ነው። ሲፈታ ሦስተኛዋ ቢየላ ሆና ትገኛለች።

ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ሆኖ ኖረ። ሾፌሮች ከሐኪም ይልቅ እሱን ያምናሉ ቢባል ብዙም ማጋነን አይደለም። አንዱማ ልቡን ታሞ ከሐኪም ቤት ሲመለስ ጋራዡ ጎራ ብሎ «እስቲ ካቻቢቴህን እዚህ ደረቴ ላይ አድርጋት» ብሎታል። ቀልዱን ነው፤ ግን ሙሉ በሙሉ ቀልዱን አልነበረም። እንዲህ ሲታመን የኖረ ሰው ውሎ አድሮ አንድ መጥፎ ልማድ ያወጣል፤ ሳይፈታ መፍረድ ይጀምራል። ጆሮም አወጣ። እኔ የሚገርመኝ ዘግይቶ ማውጣቱ ነው።

ዘንድሮ ጉልበቱ አስቸገረው። መኪና ሥር ተንጋልሎ መግባቱን ይገባል፤ መውጣቱ ላይ ነው ጣጣው። ስለዚህ ጡረታውን በገዛ እጁ ሊሠራ አሰበና አንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ ያስወገዳትን፣ አራቱም ጎማዋ የሚጎትት አሮጌ መኪና ገዛ። አስፋልት በማያውቀው መንገድ ሰውና ዕቃ እያመላለሰ ሊኖርባት ነው። መኪናዋ ከትዳሩ በዕድሜ ትበልጣለች። አካሏ ደህና ነው፣ ካምቢዮዋም ደህና ነው። ሞተሯ ግን ቤንዚን በባልዲ ይጠጣና ከጠጣም በኋላ ዳገት ላይ ያለከልካል። ባለቤቱ ግቢ ውስጥ ቆማ ዙሪያዋን ካየቻት በኋላ «ልትጦርህ ነው ያመጣሃት ወይስ ልትጦራት?» አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናዋ አሮጊቷ ተባለች።

አዲስ ሞተር የሚታሰብ አይደለም። ዋጋውን የጠየቀ ዕለት ሻጩን አመስግኖ እስከ ቤቱ በእግሩ ሄደ፤ ለታክሲ ማውጣት ራሱ አስፈራው። ጆሮ ግን አንድ ነገር ያውቃል። አሮጊቷን የሠራው ፋብሪካ በዚያው ዘመን ለሚኒባስ የሚሆን የናፍጣ ሞተር ሠርቶ ነበር፤ ያ ሞተር ከአሮጊቷ ካምቢዮ ጋር ያለ ሙግት ይገጥማል። መቀመጫ እግሮቹን ቆርጦ መበየድ፣ የራዲያተሩን ጎማ መቀየር፣ የናፍጣ መስመር መዘርጋት፣ ይህ ሁሉ ለሱ የሁለት ሳምንት የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። አንድ እንቅፋት ብቻ አለ። የሚኒባሱ ሞተር ከሥሩ ያለው የዘይት ቋት ሆዱ ወደ ፊት ነው፤ አሮጊቷ ደግሞ እዚያው ቦታ ላይ የፊት ጎማዎቿን የሚያዞረው ዲፈረንሻሏ ተቀምጧል። ስለዚህ ያንን ቋት አውልቆ ሆዱ ወደ ኋላ የሆነ ሌላ መግጠም የግድ ነው። ይህን የምነግራችሁ መካኒክ ላደርጋችሁ አይደለም። ቋቱ ባይወልቅ ኖሮ ነገሩ ሁሉ ተዳፍኖ ይቀር ነበር።

ሞተሩን ያገኘው ከከተማው ዳር፣ ከአሮጌ ብረት ሻጩ ግቢ ነው። ብረት ሻጩ ምላሱ እንደ ሚዛኑ ያጋደለ ሰው ነው፤ ሲያወራ ሁልጊዜ ወደ ራሱ ያደላል።

«ጋሼ ጆሮ፣ ላንተ የምትሆን አንዲት አለችኝ» አለውና ሁለት ካምቢዮ ከላይዋ አስነስቶ፣ የሸራ ቁራጭ ገፎ አሳየው።

«ምን ሆና ነው የመጣችው?»

«አልዞር ብላ። ከመጣች ወዲህ ማንም አልነካትም፣ ቡሎኗ ሁሉ እንዳለ ነው። ባዶ ብረት ናት ብዬ በኪሎ ልስጥህ፣ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

ጆሮ ዙሪያዋን ዞረ። የሞተ ሞተር ድምፅ የለው፣ ካቻቢቴው ምን ይሥራ? እንዲህ ዓይነት ሞተር በከተማው ውስጥ ስፍር ቁጥር የለውም፤ አቧራና ቅባት ተጋግሮበት መልኩ ጠፍቷል። ተጣብቆ ቢሆንም ቶርኖ ቤት ሄዶ ተሞርዶ ይነሳል ብሎ አሰበና በብረት ዋጋ ገዛው። እየሳቀ ነው የጫነው። ብረት ሻጩን የሸወደ መስሎት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሌሎቹ መካኒኮች ከመምጣታቸው በፊት ሞተሩን በሰንሰለት አንጠልጥሎ ሥራ ጀመረ። ከቋቱ ሥር አንዲት ትንሽ ጣሳ አኖረ። ተጣብቆ የሞተ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው ዘይት አጥሮት ነው፤ ከሆዱ የሚወጣው እንጥፍጣፊ ነው። የማፍሰሻውን ቡሎን ፈታ። ዘይቱ ወፍራም ሆኖ መውረድ ጀመረ። ጣሳዋ ሞላች። ጆሮ በቡሎኑ ሊደፍነው ሲታገል ከጣሳዋ ተርፎ ጫማው ላይ ፈሰሰ። ሮጦ ባልዲ አመጣ። ዘይቱ አሁንም ይወርዳል።

«እንዴ» አለ ለራሱ።

ከአምስት ሊትር በላይ ወጣ። ይህን ያህል ዘይት ሆዱ ውስጥ ይዞ በጥም የሚሞት ሞተር አይቶ አያውቅም። ቡሎኖቹን እየተጣደፈ ፈታና ቋቱን በመዶሻ እጀታ መታ መታ አድርጎ አላቀቀው። ከቋቱ በላይ ፓምፑ ዘይት የሚስብበት፣ አፉ ላይ ወንፊት ያለው ቱቦ አለ። ወንፊቱ አይታይም። አንድ ጥቁር ነገር ጥርቅም አድርጎ ዘግቶታል። ጆሮ በሁለት ጣቱ ይዞ ሳበው፤ እየተጎተተ ወጣ። ጨርቅ ነው።

«ምን ዓይነት ከብት ነው ጨርቅ ረስቶ የሚዘጋ!» አለና ጨርቁን ባልዲው ጠርዝ ላይ ወረወረው። ከዚያ በንዴት እየተመናጨቀ ወደ ቢየላዎቹ ቀና አለ።

እዚያ ነው ክው ያለው።

መካኒክ ቢየላ ሲፈታ የአንዱ ክዳን ከሌላው እንዳይምታታበት ምልክት ያደርጋል። ብዙዎቹ ቁጥር ይጽፋሉ። ጆሮ ግን ወጣት ሳለ የያዘው የራሱ አሠራር አለው። በሹል ብረት ነጥብ ይመታል፤ ለመጀመሪያው አንድ፣ ለሁለተኛው ሁለት፣ እንዲህ እያለ ይሄድና ከነጥቦቹ ጎን አንድ ሰያፍ ጭረት ይጨምራል። ጭረቷን የሚጨምር ሌላ መካኒክ የለም። አሁን ባትሪውን አስጠግቶ ያያል። አንድ ነጥብና ጭረት። ሁለት ነጥብና ጭረት። ሦስት። አራት።

እንደገና ከመጀመሪያው ቆጠራቸው። ደንበኞቹ በአብዛኛው የጭነት መኪኖች ናቸውና በሕይወቱ ይህን ዓይነት ሞተር እስከ መጨረሻው ፈትቶ የገጠመው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ባለቤቱ በእጇ ያሳደገችው አንድ የመጨረሻ ወንድም አላት። መኪና መንዳት ያስተማረው ራሱ ጆሮ ነው። ልጅየው ጎበዝ ሾፌር ወጣውና አንዲት ነጋዴ ያገለገለ ሚኒባስ ገዝታ ሰጠችው። ሞተሩ ሲደክም ጆሮ ሙሉ በሙሉ አደሰው። ከታደሰ በሦስተኛው ሳምንት ሰው ጭኖ ዳገት ሲወጣ ሞተሩ ድርቅ ብሎ ቆመ። ልጁ ወደ ጥግ ለማውጣት ሲሞክር የቀኝ ጎማዎቹ ቦይ ውስጥ ገቡ። ጆሮ ከባለንብረቷ ጋር ደረሰ። በእጁ ያደሰው ሞተር በሦስት ሳምንት መሞቱ አቃጥሎታል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘ፣ ጠረገ፣ መልሶ ከተተ፣ መዘዘ። ዘንጉ ደረቅ ነው። ሰው ሁሉ እንዲያየው ወደ ላይ ከፍ አደረገው።

«ያለ ዘይት ነድተኸዋል» አለ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ጠዋት አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ተነነ?»

ተሳፋሪዎቹ ሳቁ። ባለንብረቷ ሞተሩ ይፈታና ይታይ ወይ ብላ ጠየቀች። «ለምን ብለሽ? ለመፍታትም ወጪ ነው፤ ነገሩ ግልጽ ነው፣ ጣይው» አላት። እሱ ካለ አለቀ ነው። ሞተሩ ተጣለ፣ ልጁም ተባረረ። የሚኒባስ ሾፌሮች ስም ለማውጣት ጊዜ አይፈጅባቸውም፤ በሳምንቱ ደረቁ አሉት። አሁን ስሙን የሚሰሙ አዳዲሶቹ ግትር ስለሆነ ይመስላቸዋል።

ጆሮ አሁን ጋራዡ መሐል ቆሞ ያን ቦይ አስታወሰ። ሚኒባሱ ወደ ቀኝ ተጋድሞ ነበር። እንዳይንሸራተት በሩን በአንድ እጁ ጨብጦ ነው ዘንጉን የመዘዘው፤ የመሣሪያ ሣጥኑም ተንሸራቶበት ረግሞ ነበር። ዘይት ደግሞ ወደ ተጋደለበት ይሄዳል። መለኪያው በግራ በኩል ነው፤ ዘይቱ በሙሉ ቀኝ ጥግ ተኝቶ ሳለ ዘንጉ ምን ይዞ ይውጣ? መኪና ሜዳ ላይ ካልቆመ ዘይት አይለካም። ይህንን ለልጁ ያስተማረው እሱ ነው፤ ያውም በመጀመሪያው ቀን።

ስልኩን አውጥቶ ብረት ሻጩ ጋ ደወለ። አንድ የቀረችው ተስፋ አለች።

«ያቺ ሞተር ላይ ዘይት ጨምረህባታል? እንዳትዝግ ብለህ?»

«እኔ?» አለ ብረት ሻጩ። «ጋሼ፣ እኔ ዘይት የምቀዳ ሰው ነኝ እንጂ የምጨምር ነኝ? ኧረ ዘይት ነበራት እንዴ? እንዲህ መሆኑን ባውቅ ቀድቼ ነበር የምሸጥልህ።»

ስልኩን ዘጋው። የቀረችው ተስፋ እሷ ብቻ ነበረች።

ጨርቁን አነሳና ቤንዚን ውስጥ ነክሮ አሸው። ጥቁሩ እየለቀቀ ሲሄድ ሰማያዊ መጣ፤ በሰማያዊው ላይ ትንንሽ ነጭ አበባ። ዓይኑን ማመን አቃተው። የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ወርዶ ከሥሩ የሚገባው ጋስኬት እስኪመጣ ሁለት ቀን ሲጠብቅ፣ አቧራ እንዳይገባ የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ይወትፋል። አራት ጨርቅ ያስገባል፣ አራት ያወጣል። ያን ጊዜ ግን ሦስት ነበር ያወጣው። አራተኛዋ ሾልካ ቋቱ ውስጥ ገብታ ሦስት ሳምንት ስትዋኝ ኖረችና አንድ ቀን ወንፊቱ ላይ ተለጠፈች።

በጋራዡ ጥግ ቆሻሻ የሚቃጠልበት በርሜል አለ። ጆሮ ወደዚያ አየ። አልዋሽላችሁም፣ አየ። ከሱ በቀር ይህን የሚያውቅ ፍጡር የለም። ዘይት የነካው ጨርቅ አንድ ክብሪት ይበቃዋል፤ ነጥቦቹንም በሞረድ ማጥፋት ይቻላል። አሮጊቷ ሞተሯን ታገኛለች፣ እሱ ስሙን ይዞ ይቀመጣል፣ ደረቁም ለምዶታል። ለምዶታል የሚለውን ቃል ሲያስብ ራሱን ጠላው። ቢሆንም ጨርቁን በእጁ እንደያዘ ወደ በርሜሉ ሦስት አራት እርምጃ ሄደ።

«ጫማህን ምን አደረግከው?»

ባለቤቱ ናት፤ ምሳ ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ ረስቶት ስለነበር ይዛለት መጣች። ጫማውን አይታ ራሷን ነቀነቀች፤ ከዚያ ዓይኗ እጁ ላይ አረፈ። ጠጋ ብላ የጨርቁን ጫፍ ገለጠችው። ፊቷ ፈካ።

«ውይ፣ ቀሚሴ! ይቺን ቀሚስ እኮ ስወዳት። ስታልቅ ቆራርጬ የሰጠሁህ። እስካሁን ቁራጯ አለችህ?»

ምንም አልጠረጠረችም። የት ነበረች ብላም አልጠየቀችም። «አዎ፣ አለች» ቢል ምሳ ዕቃውን አስቀምጣ ትሄድ ነበር። ጆሮ አፉን ከፈተ፤ «አዎ» የምትለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረች።

«ከሞተሩ ውስጥ ነው ያወጣኋት» አለ።

«ከየትኛው?»

«ከዚህ። የወንድምሽ ሚኒባስ ሞተር ነው። ዘይቱ ሙሉ ነበር። እኔ ነኝ ይህን ረስቼ የዘጋሁት።»

መጀመሪያ አልገባትም። ስለ ሞተር የምታውቀው ጥቂት ነው። እሱም እንደ ሕፃን ልጅ እየተንተባተበ ከቦዩ እስከ ወንፊቱ አስረዳት። እየገባት ሲሄድ ፊቷ አመድ መሰለ። ምሳ ዕቃውን መሬት ላይ አኖረችና ራሷ ጎማ ላይ ተቀመጠች። እሱ የሚጠብቀው እርግማን ነበር፤ ቢመጣ ይቀለው ነበር።

«እኔ ነኝ የላክሁት» አለች በመጨረሻ።

«የት?»

«ባለንብረቷ ጋ። ‹ባሌ ካለ አለ፣ ሞተር ላይ አይሳሳትም። ጥፋትህን አምነህ ይቅርታ ጠይቅ› አልኩት። አላጠፋሁም እያለኝ። በእጄ ያሳደግሁት ልጅ፣ ውሸት የማያውቅ ልጅ አላጠፋሁም እያለኝ። ሾፌሮቹ ሁሉ ባሉበት ቆሞ፣ ረስቻለሁ ይቅርታ ብሎ መጣ። ‹ጎሽ፣ እንዲህ ነው ወንድ› ብዬ አቀፍኩት።»

ጆሮ ይህን አልሰማም ነበር። ዘጠኝ ዓመት አንድ ቤት ውስጥ ሲኖሩ አንድም ቀን አልነገረችውም። ልጁ ይቅርታ መጠየቁን ሰምቷል፤ እንዲያውም «አየህ፣ አመነ» ብሎ ለጋራዡ ሰው ሁሉ አውርቶታል። በሚስቱ አፍ መላኩን ግን አሁን ሰማ።

ባለቤቱ ተነሳች። ጨርቁን ከእጁ ወሰደችና ጨመቀችው፤ እንደ ታጠበ ልብስ አጣጥፋ መልሳ ሰጠችው።

«የኔን እኔ ነገ እነግረዋለሁ» አለች። «ዛሬ ያንተ ነው። ምሳህን ብላም አልልህ፣ ሂድ።»

ደረቁ አሁን የሚሠራው የአንድ እህል መጋዘን በር ላይ ነው። ከበሩ ጎን አንድ ወንበርና አንድ ጠረጴዛ የምትይዝ የቆርቆሮ ዳስ አለችው፤ የሚገቡና የሚወጡ የጭነት መኪኖችን ታርጋ ይመዘግባል። ጆሮ ሲደርስ አንድ መኪና ሊወጣ ቆሟል። ደረቁ ታርጋውን አይቶ ዳሱ ውስጥ ገባና ጻፈ። ወጣና እንደገና አየ። ገባ። ደብተሩን ይዞ ወጣና ለሦስተኛ ጊዜ አስተያየው። የመኪናው ሾፌር ጥሩንባ እየነፋ «ምን ትለዋለህ፣ አይቀየር!» ይላል። ደረቁ ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ ከሩቅ ላየው የሃምሳ ይመስላል።

መኪናው ሲሄድ ጆሮን አየው። ሁለቱ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የዘመድ ስብሰባ ላይ ሲገናኙ ከሰላምታ ያለፈ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። ደረቁ ግን አክባሪ ነው፤ ወንበሩን በእጁ ጠርጎ «ጋሼ፣ ተቀመጥ» አለው። «ደህና ነች እህቴ? ምነው ፊትህ?»

ጆሮ አልተቀመጠም። በመንገድ ላይ ያዘጋጀው ንግግር ነበረው፤ በየት በኩል እንደጠፋ አላወቀም። ጨርቁን አውጥቶ ደብተሩ ላይ አኖረው።

«ይህ ከዚያ ሞተር ውስጥ የወጣ ነው። ያንተ ሚኒባስ ሞተር። ሳድሰው እኔ ነኝ የረሳሁት። ዘይት መሳቢያውን ዘግቶት ነው ሞተሩ የሞተው። ዘይቱ ሙሉ ነበር።»

ደረቁ ጨርቁን አየው እንጂ አልነካውም።

«መለኪያው ደረቅ ነበር» አለ። «አየሁት እኮ። አሳየኸኝ።»

«ሚኒባሱ ቦይ ውስጥ ተጋድሞ ነበር። ተጋድሞ የቆመ መኪና ዘይት አይለካም። ተናድጄ ነበር፣ አላሰብኩትም። ዛሬ ጠዋት በእጄ ቀዳሁት፤ ከአምስት ሊትር በላይ ነው። ዘይቱን ሞልተህ ነበር የወጣኸው።»

ደረቁ ዓይኑን ከጨርቁ አላነሳም። ጆሮ መለፍለፍ ጀመረ። «ሾፌሮቹ ባሉበት ሄጄ እናገራለሁ። ባለንብረቷንም ፈልጌ እነግራታለሁ። ሥራ የከለከሉህን ሁሉ ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ ጥፋቱ የኔ ነው እላለሁ። የገዛኋት መኪናም አለች፣ ስትጠገን አንተ ንዳት፣ ያንተ ትሁን…»

«ማንም አልከለከለኝም» አለ ደረቁ።

«ምን?»

«ሥራ። ማንም አልከለከለኝም። ሁለት ቦታ ቁልፍ ሰጥተውኝ ነበር። ሰው እኮ ይረሳል ጋሼ፣ በዓመቱ ረስተውታል። ሁለተኛው የተማሪዎች ሰርቪስ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት መጣሁ። ዘይት አየሁ፣ ውሃ አየሁ፣ ፍሬን አየሁ። ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ከዚያ ‹ያን ቀንም እኮ አይቻለሁ ብለህ ነበር› አልኩ ለራሴ። ወርጄ እንደገና አየሁ። ገባሁ። አሁንም አላመንኩትም። ልጆቹ ቦርሳቸውን አንግተው ቆመው ይጠብቁኛል። ፍሬኑን አየሁ እያልኩ ባላየውስ? ቁልፉን ለአለቃው መለስኩለት።»

ጆሮ የቆርቆሮውን ግድግዳ ያዘ። ሲመጣ የልጁን እንጀራ የወሰደበት መስሎት ነበር፤ ያ ራሱ ከብዶት ነው በየመንገዱ ሲቆም የመጣው። ይህንን ግን አላሰበውም። በሕልሙም አላሰበውም።

«ያን ቀን ጠዋት መለኪያውን ስመዝ ትዝ ይለኝ ነበር» አለ ደረቁ፤ ድምፁ እንደ ወትሮው ዝግ ያለ ነው። «ጨርቄ ላይ የዘይቱ ምልክት ሲያርፍ ሳይቀር ትዝ ይለኝ ነበር። አንተ ግን አልነበረም አልክ። አንተ አትሳሳትም። ስለዚህ የትናንትናው ጠዋት ይሆናል አልኩ። ወይ የዚያ ሳምንት ሌላ ቀን። ቆይቶ ጭራሽ አላየሁም አልኩ። ለልጆቼም አባታችሁ ዘይት ማየት ረስቶ ሞተር አቃጥሏል፣ እናንተ እንዳትረሱ እያልኩ ነው የማሳድጋቸው። ቤቴን ስቆልፍ ሦስት ጊዜ እመለሳለሁ። ሚስቴ ትስቅብኛለች። አሁን አሁንስ አትስቅም።»

«ይቅር በለኝ» አለ ጆሮ። ዕድሜ ልኩን ለማንም ብሎት የማያውቀው ቃል ነበር። እንባው ግን ከቃሉ ቀድሞ ወርዷል።

ደረቁ ይቅር ብዬሃለሁ አላለም፤ አልልም አላለም። ቃሉን የሰማውም አይመስልም። ወንበሩን ወደ ጆሮ ገፋለትና እሱ የዳሱ ደፍ ላይ ቁጢጥ አለ። በሩ ላይ አንድ መኪና መጥቶ ቆሟል፤ አላየውም።

«ደግመህ ንገረኝ» አለ።

ጆሮ ተቀመጠ። ከማፍሰሻው ቡሎን ጀምሮ ነገረው፤ ጣሳዋ እንዴት እንደሞላች፣ ዘይቱ ጫማው ላይ እንዴት እንደፈሰሰ። ደረቁ እያንዳንዷን ቃል አፉን እያየ ሰማ።

«አሁንም።»

ደግሞ ነገረው። ደጅ ያለው መኪና ጥሩንባውን ነፋ። ሦስተኛ ጊዜ ነገረው። አራተኛው መሐል ላይ የጆሮ ድምፅ ተቆረጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ደረቁ እጁን ዘርግቶ ጉልበቱን ያዝ አደረገው።

«ቀጥል ጋሼ» አለው። «ዘይቱ ሙሉ ነበር የምትለው ጋ ደርሰሃል።»